የሲኤንሲ ማሽኔ ጋንትሪ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይከብድብኛል፤ ሀዲዱ ነው ወይስ ስክሩ?

ብረትና እንጨት፦

ሰላም ወገኖች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ችግር ላይ ተጣብቄያለሁ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል። የተውኩት ነገር ኋላ እንዳያሳስታችሁ ብዬ ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ማሽኑን የሠራሁት ራሴ ነኝ። እንጨትና አንዳንዴ ስስ አሉሚኒየም የሚቆርጥ ሲኤንሲ ራውተር፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ነው። መሠረቱ 60 በ60 ቱቦላሬ ብረት ነው፤ ግድግዳው 3 ሚሊሜትር፣ ማዕዘኖቹ የተበየዱ። በሁለቱ ረጃጅም ቱቦላሬዎች ላይ አንድ አንድ ኤችጂአር 20 የሚባል የብረት መንሸራተቻ ሀዲድ አስሬያለሁ። እያንዳንዱ 1000 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ በመካከላቸው 600 አለ። በየሀዲዱ በውስጡ ኳሶች ያሉት ሁለት ሁለት ጋሪ ይሮጣል። ጋሪዎቹ ላይ ተቀምጦ ከላይ የሚሻገረው ድልድይ፣ ጋንትሪው፣ አሉሚኒየም ሲሆን የጎን ሳህኖቹ 15 ሚሊሜትር ይወፍራሉ። የመቁረጫ ሞተሩን ጨምሮ 14 ኪሎ ገደማ ነው። የሚጎትተው ከጠረጴዛው ስር መሃል ላይ ያለ አንድ ኤስኤፍዩ 1605 ቦል ስክሩ ነው፤ ሲዞር በላዩ ያለውን ዳዶ የሚገፋ ረጅም ጥርሳም ዘንግ ማለት ነው። ስክሩ ከኋላ ቢኬ 12፣ ከፊት ቢኤፍ 12 በሚባሉ የኩሽኔታ መያዣዎች ተይዟል። የሚያዞረው በትንንሽ እርምጃ (ስቴፕ) የሚሄደው ኔማ 23 ስቴፐር ሞተርም ከኋላ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ጋንትሪው ከኋላ እስከ መሃል ቅቤ ነው። ወደ ፊት ሲመጣ፣ የመጨረሻዎቹ 250 ሚሊሜትር ላይ፣ መክበድ ይጀምራል። ጫፉ ሲቃረብ ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ስቴፕ ይዘላል። ባለፈው የሳጥን ክዳኖች እየቆረጥኩ ነበር። ስድስት ነበሩ። አራቱ በደንብ ወጡ። አምስተኛው ላይ ማሽኑ 4 ሚሊሜትር ያህል ቦታውን ስቶ ቀጠለና ክዳኑን መሃል ለመሃል አረሰው። ለሰው ልሰጠው ቃል የገባሁበት ሥራ ስለነበር በጣም ነው ያዘንኩት።

የሞከርኩት ይህን ነው። ግራሶ ጨመርኩ። ሞተሩን የሚነዳውን የድራይቨሩን ከረንት ከፍ አደረግኩ። ፍጥነቱን በደቂቃ ከ3000 ወደ 1500 ሚሊሜትር አወረድኩ። ስቴፕ መዝለሉ ቀነሰ፤ መክበዱ ግን እንዳለ ነው። የሀዲዶቹን ርቀት ለማየት ካሊፐሬ አጭር ስለሆነ ከእንጨት ዘንግ ሠራሁ። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ልክ የሚገባ አድርጌ ቆረጥኩት። ከኋላም ከፊትም እኩል ገባ። ስለዚህ ትይዩ ናቸው ብዬ ተውኳቸው።

አንድ ሌላ የገረመኝ ነገር አለ። ጠዋት ስጀምር ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ ይብሳል።

መቶኛ ሚሊሜትር የሚያነብ ዳያል ኢንዲኬተር ከማግኔት መቀመጫው ጋር አለኝ። ግን የት አስቀምጬ ምኑን እንደምለካ አላወቅኩም። ከየት ልጀምር?

ኮረንቲ፦

ሰላም ወንድሜ። እኔ ከኤሌክትሪኩ በኩል ነኝ፤ ግን ይህ የኤሌክትሪክ ችግር አይመስለኝም። ፍጥነቱን በግማሽ ስታወርድ ሞተሩ ጉልበት አገኘና በሽታውን ሸፈነልህ። ጋንትሪው እንደሆነ ያው ነው። ከረንቱን ወደ ነበረበት መልሰው፤ ሞተሩን በከንቱ ታሞቀዋለህ።

መጀመሪያ ስክሩን ከጋንትሪው ለይ። የቦል ስክሩን ዳዶ ከጋንትሪው ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ፍታቸውና ጋንትሪውን በእጅህ ግፋ። አሁንም ፊት ላይ ከከበደ ሀዲዶቹ ናቸው። ከቀለለ ስክሩ ነው። ይህን ሳታደርግ ሌላ ምንም አትንካ።

ደግሞ በእጅህ ብቻ አትፍረድ። እጅ ቶሎ ይለምዳል። የመንጠቆ ሚዛን ጋንትሪው መሃል ላይ እሰርና በዝግታ ጎትት። በየመቶ ሚሊሜትሩ ያነበብከውን ጻፍ። ቁጥር ከያዝክ ነገ የምታደርገው ነገር ማሻሻሉን ወይም ማበላሸቱን ታውቃለህ።

ብረትና እንጨት፦

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ አደረግኩት። ስክሩ ተፈትቶ ነው የጎተትኩት። ከኋላ ጫፍ 1.1 ኪሎ። 300 ላይ 1.2። 500 ላይ 1.6። 600 ላይ 2.5። ፊት ጫፍ፣ 750 ላይ፣ 4.3 ኪሎ።

ስለዚህ ሀዲዶቹ ናቸው ማለት ነው። ሌላ ያየሁት፣ 380 አካባቢ አንዲት ቦታ አለች። ድንገት 1.8 ትልና ወዲያው ትለቃለች። እሷን በፊት አላስተዋልኳትም ነበር።

የድሮ ቶርኖ፦

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቶርኖና ፍሬዛ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ቆሜያለሁ። እንዲህ አድርጎ በዝርዝር የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ደስ ይለኛል።

ከዘንጉ ልጀምር። እንጨት በአውራ ጣት ግፊት ይታመቃል። ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ቢለያይ እንኳ «እኩል ገባ» ያሰኝሃል። ያንተ ባለ 20 ሀዲድ፣ የጋሪው ኳሶች ሀዲዱን የሚጨብጡት ቀለል ባለ ውጥረት ከሆነ፣ ሁለቱ ሀዲዶች ከትይዩነት ቢዛነፉ የሚታገሠው 0.025 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጋሪው ጠበቅ ያለ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። የራስ ፀጉር ለሦስት ተሰንጥቆ አንዱ ስንጣቂ በለው። ይህን በእንጨት አትለካውም።

ከዚያ ሲያልፍ ጋሪው ውስጥ ያሉት ኳሶች በጎን ይጨመቃሉ። የጎን ሳህንህ 15 ሚሊሜትር ነው፤ አይለጠጥልህም። መሠረቱም ብረት ነው። የስህተቱን ዕዳ የሚከፍሉት ኳሶቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እስኪስተካከል ድረስ በሞተር አታሂደው። ሀዲዱ ላይ የኳስ ጎድጓዳ ምልክት ከወጣ በኋላ ብታስተካክለውም እንደ ድሮው አይሆንልህም።

አንተ ሁለቱንም ሀዲድ እኩል አጥብቀህ አስረሃል። ሁለት ሀዲድ ሁለቱም አዛዥ ሊሆኑ አይችሉም። አንዱን መሪ አድርገው። ሌላው ተከታይ ነው። መሪው ቀጥ ይላል፤ ተከታዩ መሪውን ይመስላል። ይህ ከገባህ የቀረው የእጅ ሥራ ነው።

አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክር። በተከታዩ በኩል ያሉትን የሁለቱን ጋሪዎች ብሎኖች ከጎን ሳህኑ ላይ አላላ፤ አታውጣቸው። ከዚያ ጎትት። ፊት ላይ ያለው ክብደት ከወረደ ትይዩነቱ ነው።

ከሆነ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ መሪውን ቀጥ አድርግ። የሀዲዱ ቀዳዳ 6 ሚሊሜትር ነው፤ ብሎኑ ኤም 5 ነው። ይህ ማለት ሀዲዱ በየቀዳዳው ግማሽ ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ሀዲድ ድንጋይ አይደለም፤ ጠማማ አድርገህ ካሰርከው ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል። ቀጥ ያለ የተሞረደ የብረት ማስመሪያ ካለህ አጠገቡ አስረህ በኢንዲኬተር ተከተለው። ከሌለህ ቀጭን የጊታር ክር ከሀዲዱ ጎን ለጎን ወጥረህ ዘርጋ። ሁለቱ ጫፍ ላይ ከሀዲዱ እኩል ይራቅ። ከዚያ በየብሎኑ ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች) ለካ። ክሩ በክብደቱ ወደ ታች ይረግባል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፤ ስለዚህ ለጎን ቀጥታ ይታመናል። ክሩን ገፍተህ እንዳታነብ ግን ተጠንቀቅ፤ ጌጁ ሲነካው ብቻ ነው።

መሪው ቀጥ ሲል ብሎኖቹን ከመሃል ጀምረህ ወደ ሁለቱ ዳር እየተፈራረቅክ አጥብቅ። አንዴ በግማሽ ኃይል፣ ከዚያ በሙሉ።

ቀጥሎ ኢንዲኬተሩ። ጋንትሪውን አንሣ። መሪው ላይ ያሉትን ሁለቱን ጋሪዎች በአንድ ጠፍጣፋ ላሜራ እሰራቸውና የማግኔት መቀመጫውን በላሜራው ላይ አስቀምጥ። ላሜራው ብረት ይሁን፤ አሉሚኒየም ማግኔት አይይዝም። በአንድ ጋሪ ላይ ብቻ አታስቀምጠው። 600 ሚሊሜትር የተዘረጋ ክንድ የጋሪውን ጥቂት መወዛወዝ አብዝቶ ያሳይሃል። የኢንዲኬተሩን ጫፍ በተከታዩ ሀዲድ ጎን ላይ፣ በተሞረደው ፊት ላይ አሳርፍ። ከኋላ ዜሮ አድርገህ ወደ ፊት ሂድ። የዛን ጊዜ ችግሩን በዓይንህ ታየዋለህ። ተከታዩን ብሎን በብሎን እያላላህ፣ በእንጨት መዶሻ መታ መታ እያደረግክ ወደ ዜሮ አምጣው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጋሪውን ከሀዲዱ አውጥተህ እንዲሁ እንዳታስቀምጥ። ሲገዛ አብሮት የመጣውን የፕላስቲክ ዘንግ ከሀዲዱ ጫፍ ጋር ግጠምና ጋሪውን ወደሱ አሻግረው። አለበለዚያ ኳሶቹ ሊበተኑ ይችላሉ።

የሙቀቱን ነገር ደግሞ በደንብ ነው ያየኸው። አሉሚኒየም ለአንድ ዲግሪ በአንድ ሜትር 23 ማይክሮን ይለጠጣል። ብረት 12 ያህል ነው። ጋንትሪህ አሉሚኒየም፣ መሠረትህ ብረት ነው። በ600 ሚሊሜትር ስፋትና በ10 ዲግሪ ልዩነት ጋንትሪው ከመሠረቱ 0.07 ሚሊሜትር ያህል ይበልጣል። ጋሪዎቹ ከሚታገሡት በላይ ነው። ሀዲዶችህ ፊት ላይ ተጠጋግተው ከሆነ ጋንትሪው ሲሰፋ ይብስበታል። ስለዚህ የመጨረሻውን ማጥበቅ ጠዋት አታድርገው። አዘውትረህ በምትሠራበት ሰዓት፣ ክፍሉ በሞቀበት አድርገው።

ስንጥር፦

ወንድሜ፣ ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ እሳቸው ያሉትን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ የገጠመኝን ልንገርህ፤ ሳምንት እንዳይወስድብህ።

የእኔም መሠረት የተበየደ ነው። ትይዩነቱን 0.02 ውስጥ አስገብቼ ጋንትሪውን ስጭን አሁንም ጠበቀ። አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም። ችግሩ ከጎን አልነበረም፤ ከፍታ ላይ ነበር። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስበዋል። አንዱ ማዕዘን ይነሣል ወይ ይወርዳል። ሦስት ጉልቻ ላይ የተቀመጠ ነገር አይወዛወዝም። አራተኛ ስትጨምር ግን አራተኛዋ ወይ ትረዝማለች ወይ ታጥራለች። አራት ጋሪም እንዲሁ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ሦስቱን ጋሪ እሰር። የአራተኛውን ብሎኖች አውጣ። በጋሪውና በጋንትሪው እግር መካከል ፊለር ጌጅ አስገባ። ክፍተት ካለ መጠኑን ጻፍ። እዚህ ላይ አትቁም፤ ጋንትሪውን ከኋላ ወደ ፊት እየገፋህ በየቦታው ድገመው። ክፍተቱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነ መሠረትህ ደህና ነው፤ የጋንትሪው እግር ነው የተዛባው። እዚያው እግሩና ጋሪው መካከል ስስ ላሜራ ትከታለህ። ክፍተቱ እየሄድክ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ሀዲዶቹ የተቀመጡበት ወለል ተጠማዟል። ላሜራው ከሀዲዱ ስር ነው የሚገባው፤ ሥራውም ይበዛል። የእኔ ሁለተኛው ነበር።

ጋሪዎች ከፍታ ላይ ከጎን ይልቅ ይታገሣሉ። 0.05 ብታገኝ አትጨነቅ። 0.2 ከሆነ ግን ተወው አልልህም።

ስለ 380ዋ ቦታ። በየመቶው ስለለካህ ይመስለኛል አንድ ብቻ ያገኘኸው። በየ20 ሚሊሜትሩ ደግመህ ለካ። በአንድ ሀዲድ ላይ ሁለት ጋሪ አለህ። ሀዲዱ ላይ ያለ እንቅፋት ሁለት ጊዜ መሰማት አለበት፤ የፊተኛው ጋሪ ሲያልፍበትና የኋለኛው ሲያልፍበት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከጋሪዎቹ ርቀት ጋር እኩል ከሆነ ሀዲዱን እዚያ ቦታ አንሥተህ ከስሩ እይ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ።

ብረትና እንጨት፦

አራት ቀን ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ዓርብ ማታ ጀምሬ ትናንት ነው የጨረስኩት። ጋሼ፣ እንዳሉኝ በመጀመሪያ የቀኙን ጋሪዎች አላላሁ። ፊት ጫፍ ላይ 4.3 ኪሎ የነበረው 1.3 ሆነ። እዚያው ቆሜ ቁጥሩን ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት ሳምንት የታገልኩት ነገር በስምንት ብሎን ተለየ።

የግራውን መሪ አደረግኩ። በጊታር ክር ስለካው መሃሉ ላይ 0.12 ወደ ውጭ ጎብጦ ነበር። ሀዲዱን ስገዛ ቀጥ ያለ ነው ብዬ አምኜ ነው ያሰርኩት። ጉብጠቱን ለማውጣት ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። አንዱን ብሎን ሳስተካክል ጎረቤቱ ይንቀሳቀስብኛል። በመጨረሻ ከመሃል ወደ ዳር ስሄድ ነው ጸጥ ያለልኝ።

ከዚያ ኢንዲኬተሩ። ላሜራዋን ሁለቱ ጋሪዎች ላይ አሰርኳት። ከኋላ ዜሮ። መሃል ላይ 0.05። ፊት 0.17፣ ወደ ውስጥ። ያ እንጨት ዘንግ እኩል ነው ያለኝ ቦታ ማለት ነው! ተከታዩን ከኋላ ጀምሬ እየመታሁ አመጣሁት። አሁን ከጫፍ ጫፍ በ0.02 ውስጥ ነው። የመጨረሻውን ያጠበቅኩት ከሰዓት በኋላ፣ በሙቀቱ ሰዓት ነው።

እህቴ ስንጥር፣ አንቺ ያልሺው ባይኖር ኖሮ እዚህ ላይ ጨርሻለሁ ብዬ ጋንትሪውን አስሬ ነበር። የፊት ቀኙን ጋሪ ፈትቼ ጌጅ ሳስገባ 0.20 ገባ። ወደ ኋላ ገፋሁ፤ 0.20። መሃል ላይም 0.20። የጋንትሪው እግር ነው ማለት ነው፤ መሠረቱ ተርፎልኛል። ልኩን ያህል ላሜራ ቆርጬ፣ የብሎን ቀዳዳ በስቼበት፣ ጠርዙን አለስልሼ አስገባሁ።

እንቅፋቷንም አገኘኋት። በየ20ው ስለካ 380 ላይ አለች፤ 220 ላይም አንዲት ደከም ያለች አለች። በመካከላቸው 160። ጋሪዎቼም 160 ነው የሚራራቁት። የቀኙን ሀዲድ እዚያ አካባቢ አነሣሁት። አንዱን ቀዳዳ ጥርስ ሳወጣለት አፉ ላይ የብረት ከንፈር ቀርቶ ነበር። በጣት ሲዳሰስ እንኳ በደንብ አይሰማም። ሀዲዱ ግን እሷ ላይ ተቀምጦ ከፍ ብሏል። በሞረድ አነሣኋት፤ ሌሎቹንም ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አየሁ። በሁለቱ ላይ ትንሽ ትንሽ ነበረ። ሀዲዱን መልሼ ትይዩነቱን እንደገና ለካሁ።

አሁን ያለ ስክሩ ከ0.9 እስከ 1.2 ኪሎ ነው፤ በሁሉም ቦታ።

ግን ስክሩን መልሼ ሳስር አዲስ ነገር መጣ። አሁን ፊት ላይ ምንም የለም። ኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ የመጨረሻዎቹ 80 ሚሊሜትር ላይ ስክሩን በእጄ ሳዞር ይከብዳል። በፊት ይህ ያልታየኝ የፊቱ ስለሸፈነው ይሆን?

የድሮ ቶርኖ፦

ጎሽ ልጄ። ሥራህ የተጣራ ነው።

አዎ፣ አንዱ ሕመም ሌላውን ይሸፍናል። አሁን ተራው የስክሩ ነው። ዳዶው መሃል ላይ ሲሆን ስክሩ ረጅም ስለሆነ ትንሽ ይጎነበስለታል፤ ስህተቱ አይሰማህም። ቢኬ 12 አጠገብ ሲደርስ ግን ስክሩ የሚጎነበስበት ርዝመት የለውም። ቢኬ በሁለት ኩሽኔታ አጥብቆ የያዘው እዚያ ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ስክሩ ከሀዲዶቹ ጋር ትይዩ አይደለም፤ ያውም በዚያ ጫፍ በኩል።

ጋንትሪውን ሞተሩ አጠገብ አድርሰው። የዳዶውን መያዣ ብሎኖች አላላና መያዣው ከጋንትሪው ስንት እንደሚርቅ በፊለር ጌጅ አንብብ። ያ የከፍታው ነው። ያንን ያህል ላሜራ ከቢኬ ስር አስገባ። ክፍተቱ ከሌለና እንዲያውም የሚገፋው ከሆነ ቢኬ ከፍ ብሏል፤ ያኔ ላሜራው በመያዣውና በጋንትሪው መካከል ሳይሆን ከቢኤፍ ስር ነው የሚገባው፤ መያዣውንም እንደገና ታስተካክላለህ። የጎኑን ደግሞ እንዲህ አድርግ። ዳዶው እዚያው ጥግ ላይ ታስሮ ሳለ የቢኬን ብሎኖች አላላ፤ ራሱ ቦታውን ይፈልግ፤ ከዚያ አጥብቅ። ወደ ፊት ሂድና ቢኤፍንም እንዲሁ። ሁልጊዜ የምታጠብቀውን ጫፍ ዳዶው አጠገቡ ሲሆን ነው የምታጠብቀው።

ኮረንቲ፦

እኔም ልጨምር። ስክሩ ሲስተካከል ከረንቱንና ፍጥነቱን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምረህ ፈትሽ። ሞተሩ በግማሽ ፍጥነት መሥራት ለምዷል ብለህ እዚያው አትተወው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሃምሳ ጊዜ አመላልሰውና በመጨረሻ ወደ ዜሮ ሲመለስ ኢንዲኬተሩ ላይ ያለውን አንብብ። ስቴፕ ዘሎ ከሆነ እዚያ ይታያል።

ብረትና እንጨት፦

ጋሼ፣ ክፍተቱ 0.35 ነበር። ቢኬ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ከስሩ ላሜራ አስገብቼ፣ ዳዶው ኋላ ሳለ ቢኬን፣ ፊት ሳለ ቢኤፍን አጠበቅኩ። አሁን ስክሩን በሁለት ጣት ከጫፍ ጫፍ አዞረዋለሁ። ኋላም ፊትም የሚለይ ነገር አይሰማኝም።

ወንድሜ ኮረንቲ፣ ያልከውን አደረግኩ። በ3000 ሃምሳ ጊዜ አመላለስኩት፤ ከረንቱም ወደ ቀድሞው ተመልሶ። ወደ ዜሮ ሲመለስ ኢንዲኬተሩ 0.01 ነው የሚያሳየው። ከሰዓት በኋላ ደገምኩት፤ ያው ነው። ሚዛኑ ላይ በሙቀቱ ሰዓት 0.1 ኪሎ ያህል ብቻ ነው የሚለየው።

ሁሉንም ቁጥር ማሽኑ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ፤ የሚዛኑን፣ የኢንዲኬተሩን፣ የላሜራዎቹን ውፍረት። በወር በወሩ ሚዛኑን ብቻ እደግመዋለሁ። ከፍ ካለ ምናልባት ብሎን ላልቶ ይሆናል።

አምስተኛውና ስድስተኛው ክዳን ትናንት ማታ ተቆርጠው ወጡ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም በኩል ለካኋቸው፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል 0.4 ልዩነት አለ። ጋንትሪው ከሀዲዶቹ ጋር ትክክለኛ ዘጠና ዲግሪ አይደለም ማለት ነው። እሱን ቅዳሜ እይዘዋለሁ፤ ካቃተኝ በሌላ ርዕስ እጠይቃችኋለሁ።